የትርፍ ድንጋይ ርክክብ

ድንጋይ ዳቦ ነበር በሚባልለት በዚያ በጥንቱ ዘመን ድንጋዩን ማን ተምኖ፣ ማን አሽጎ፣ ማን እንዳጓጓዘው የሚናገር ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ዳቦ መሆኑ ብቻ ነው የሚወራው። የአሠራሩ ነገር እንዲህ ተዳፍኖ መቅረቱ ለትውልድ ትልቅ ጉዳት ነው። ስለዚህ በአንድ መኖሪያ ቤት፣ በአንድ የጓሮ ክፍል፣ በአንድ ጡረተኛ የበላይ መሪነት የተከናወነውን የትርፍ ድንጋይ ሥራ ከመረሳቱ በፊት መተረክ ግድ ሆኖብናል።

ጡረተኛው ሰፈርተኛው ሁሉ ጋሽ ተማኝ የሚላቸው ሰው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ያረጀ የመሥሪያ ቤት ዕቃ ከመሸጡ በፊት ዋጋ በሚወጣበት ክፍል ነበር። በጥንቃቄ የሚደርስባቸው አልነበረም። አንድ ጊዜ እግሩ የወለቀ ወንበር ቀረበላቸው። ሳይቸኩሉ፣ ሳይወላውሉ፣ ገልብጠው አቃንተው አይተው ዋጋውን ሲጨርሱ ወንበሩን ምስጥ ጨርሶት ተገኘ። ዋጋው ግን ልክ ነበር፤ ይህን የማይወዷቸውም ሰዎች አይክዱም።

ታዲያ ለሥራ ከከተማ በወጡ ቁጥር ከወንዝ ዳር ድንጋይ ሳይለቅሙ ተመልሰው አያውቁም። ድንጋይ ስንል ዝም ብሎ የተገኘ ድንጋይ እንዳይመስላችሁ። አጌት ይባላል። ከውጭ ሲያዩት አፈሩ ያልታጠበለት ድንች ነው፤ ሲሰነጥቁት ግን ውስጡ ቀለበት በቀለበት፣ ቀይ በነጭ፣ ግራጫ በሰማያዊ ሆኖ ዓይን ያፈዛል ይላሉ የሚያውቁት። ጋሽ ተማኝ አንዱንም ሰንጥቀው አያውቁም። «ያልተሰነጠቀ ነገር ዋጋው አይታወቅም፤ ዋጋው ያልታወቀ ነገር ደግሞ ሊረክስ አይችልም» ባይ ናቸው። በዚህ ጥበብ የጓሮው ክፍል በካርቶን፣ በጆንያ፣ በቀለም ባልዲ፣ ልጃቸው በሕፃንነቷ በታጠበችበት ሳፋ ሳይቀር ድንጋይ በድንጋይ ሆነ። በሩ አሁንም ይከፈት ነበር፤ ሰው መቆሚያ ግን አልነበረውም።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው አንዲት ልጃቸው ስልክ የደወለች ቀን ነው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ገፍቷል።

«እማዬ፣ የጓሮው ክፍል ከተለቀቀልኝ ስወልድ እናንተ ጋ እመጣለሁ» አለች። «ካልሆነ አማቴ አንድ ክፍል ቀለም አስቀብታ እየጠበቀችኝ ነው።»

ባለቤታቸው፣ እትዬ፣ ስልኩን አስቀመጡና ወደ ጋሽ ተማኝ ዞሩ።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ምን ሰማህ?»

«ቀለም ምናምን።»

«ቀለም አይደለም አንተ ሰውዬ! የልጅ ልጄን ሌላ ሴት ልታቅፍብኝ ነው! ያ ድንጋይህ ዛሬ ነገ ሳትል ይውጣልኝ!»

ጋሽ ተማኝ ደነገጡ። ልጃቸው ማለት የዓይናቸው ብሌን ናት። ሕፃን ይዛ በራቸውን አልፋ ሌላ በር ስታንኳኳ በዓይነ ሕሊናቸው አዩ። ከዚህ በኋላ ሌላ ሰው ቢሆን ጋሪ ጠርቶ ድንጋዩን አውጥቶ ይደፋው ነበር። እሳቸው ግን ኃላፊነት የሚሰማቸው ሰው ስለሆኑ ኮሚቴ አቋቋሙ።

ሊቀመንበሩ ራሳቸው ሆኑ። እትዬ ጸሐፊ ተደረጉ። የእትዬ ታናሽ ወንድም ትንሽ የጭነት መኪና ስላለው የማጓጓዣ ዘርፍ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ይህ ሰው ሲነዳ ፍሬን የሚባል ነገር ስለማይነካ ስሙ ፍሬኑ ሆኖ ቀርቷል። ስብሰባው በምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ተጀመረ፤ ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ።

«የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት! ዛሬ የተሰበሰብነው ትርፍ የሆነውን ጥሬ አጌት፣ በትርፍ ጊዜያቸው ድንጋይ ለሚሰበስቡና ለሚሞርዱ ወገኖች፣ ያለ ምንም ትርፍ ለማስተላለፍ ነው።»

«ጋሼ፣ ትርፍ አበዙበት» አለ ፍሬኑ። «እኔ ትርፍ የሚባለውን የማውቀው ትርፍ ሰው ጭነሃል ተብዬ ስቀጣ ነው።»

«እኔ ደግሞ የማውቀው ትርፍ አንጀት ነው» አሉ እትዬ። «በጊዜ ካላወጡት ይፈነዳል። ያንተም ድንጋይ እንደዚያው ነው፤ አውጣው በቃ።»

«የተሰጡት አስተያየቶች ገንቢ ናቸው» አሉ ሊቀመንበሩና አስተያየቶቹን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ቀጠሉ። «አንድን ነገር ከማውጣታችን በፊት ትርፍ መሆን አለመሆኑን በመመሪያ መወሰን አለብን። ስለዚህ ትርፍ ማለት ቦታ የያዘ፣ ሥራ የማይሠራ፣ ቢነሣ ቤቱ የማይጎድልበት ማለት ነው።»

እትዬ ይህን ሲሰሙ ባላቸውን ከላይ እስከ ታች አዩአቸው።

«እስቲ ድገምልኝ» አሉ።

ደገሙላቸው። ሚስት ለባል ሥራ እንዲህ ትኩረት ስትሰጥ ማየት የጋሽ ተማኝን ልብ በደስታ ሞላው። በዚያው ሞቅታ ሁለተኛ መመሪያ ጨመሩ፤ የማጓጓዣ ዋጋው ከራሱ ዋጋ የሚበልጥ ዕቃ ባለበት ይቆያል። ፍሬኑ ነዳጅ ይተርፈኛል ብሎ እጁን ቀድሞ አወጣ። ሁለቱም መመሪያዎች በሙሉ ድምፅ ጸደቁ።

ቀጥሎ ትመና ሆነ። ጋሽ ተማኝ ጠዋት ጠዋት ወደ ጓሮው ክፍል ይገቡና ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያነሡ ይተምናሉ። ሥራው ሳይንሳዊ ነበር። ይህ ልጄ የመጀመሪያ ጥርሷን ያወጣች ቀን ያገኘሁት ነው ብለው አንዱን የአንድ መለስተኛ መኪና ዋጋ ሰጡት። ሌላውን ያነሡት ከአለቃቸው ጋር በተጣሉ ማግስት ስለነበረ ከክብሪት ዋጋ አላሳለፉትም። ሁለቱ ድንጋዮች ቢቀያየሩ የወለደቻቸው ወንዝ ራሷ አትለያቸውም።

እትዬ በር ላይ ቆመው ትንሽ አዩና ትዕግሥታቸው አለቀ።

«በባልዲ ሽጠው!»

«በባልዲ?» ጋሽ ተማኝ እጃቸው ላይ የነበረውን ድንጋይ ጆሮ ያለው ይመስል በመዳፋቸው ሸፈኑት። «አጌት ሽንኩርት ነው እንዴ?»

«ሽንኩርትማ ይበላል!»

በመጨረሻ አንድ ገዢ ተገኘ። ሌላ ከተማ የሚኖር፣ የሰው ጥርስ ሲሞርድ ውሎ በትርፍ ጊዜው ድንጋይ የሚሞርድ የጥርስ ሐኪም ነው። በስልክ ተነጋግረው አንድ ድንጋይ፣ ያቺኑ የክብሪቷን፣ ገዛ። ጋሽ ተማኝ ድንጋዩን በጥጥ ጠቀለሉት። ጥጡን በእትዬ የአንገት ልብስ፣ የአንገት ልብሱን በካርቶን፣ ካርቶኑን በሌላ ካርቶን አደረጉና ደረታቸው ላይ አቅፈው ፖስታ ቤት ሄዱ። በመስኮቱ በኩል ያለችው ሠራተኛ ጥቅሉን አገላበጠችው።

«ውስጡ ምንድን ነው አባባ?»

«ድንጋይ።»

«ምን አሉኝ?»

«ድንጋይ። ተሰባሪ የሚለውን ምልክት ለጥፊበት።»

«ድንጋይ ነው እያሉኝ ተሰባሪ ልበለው?»

«ልጄ፣ አንቺ ከውጭ ነው የምታዪው።»

ሠራተኛዋ ከኋላ ያለው ሰልፍ ሲያጉረመርምባት ተሰባሪ የሚለውን ተለጣፊ ወረቀት አንድ እስር ሙሉ ሰጠቻቸውና «የፈለጉትን ያህል ይለጥፉ» አለች። ጋሽ ተማኝ ቀሪውን በኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ የማጓጓዣው ዋጋ ሲነገራቸው ግን ክው አሉ። በዚያ ብር ከነባልዲው ድንጋይ ይገዛል። በመመሪያው መሠረት ድንጋዩ ባለበት መቆየት ነበረበት፤ ለሐኪሙ ግን ቃል ሰጥተዋልና ከኪሳቸው ከፍለው ላኩት።

ያን ቀን ሲመለሱ ግን ተክዘው አልነበረም፤ መፍትሔ ይዘው ነበር።

«ሥራችንን ያሰረው ማጓጓዣው ነው» አሉ ለኮሚቴው። «ስለዚህ ማጓጓዣውን እኛ እንሸፍናለን።»

«ጋሼ!» ፍሬኑ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ከድንጋዩ ማጓጓዣው ከበለጠ እኮ በሸጥን ቁጥር እንከስራለን!»

«አንድ ስትሸጥ ትከስራለህ። ብዙ ስትሸጥ ግን ጅምላ ይሆናል።»

ፍሬኑ ይህን ለመረዳት ሞከረ፤ አልቻለም፤ የተማረ ሰው ነገር ነው ብሎ ተወው። እትዬ ግን ልጃቸው ልትደርስ ነውና ጊዜ አልነበራቸውም። ወረቀት አነሡና «ድንጋይ እንሸጣለን፤ ኑና ውሰዱ» ብለው ጻፉ።

ጋሽ ተማኝ አነበቡትና ፊታቸው ተቀያየረ። እንሸጣለን የጉልት ቋንቋ ነው፤ ኑና ውሰዱ ደግሞ ለክብራቸው አይመጥንም። ብዕራቸውን አውጥተው ያረቀቁትና በድንጋይ ሰብሳቢዎች የኢንተርኔት ገጽ ላይ ያወጡት ማስታወቂያ ይህን ይመስል ነበር።

«ጉዳዩ፦ የትርፍ ድንጋይ ርክክብን ይመለከታል። ትርፍ ጥሬ አጌትን አስመልክቶ ጉዳዩ የሚመለከታችሁ የትርፍ ጊዜ ሰብሳቢዎች በሙሉ፣ ርክክቡ ከታች በተጠቀሰው አድራሻ አማካይነት የሚፈጸም መሆኑን እየገለጽን፣ የማጓጓዣ ወጪው ሙሉ በሙሉ በእኛ የሚሸፈን መሆኑን በአክብሮት እናሳውቃለን።»

«ማነው የሚሰጠው?» አሉ እትዬ።

«ርክክብ ነው ያልኩት።»

«እሱንማ አየሁት። ሰጪው ማነው? ተቀባዩስ?»

«ከአገባቡ ይታወቃል።»

ጥቂት ቀን ማንም አልደወለም፤ ማንም አልመጣም። ከዚያ አንድ ጠዋት ፍሬኑ መኪናውን አጥር ሊነካ ምንም ሳይቀረው አቆመና እያለከለከ ገባ።

«ጋሼ፣ ድንጋይ መጣ!»

«ሄደ ማለትህ ነው።»

«ኧረ መጣ! ከአውቶቡስ ተራ ነው የጫንኩት። ተቀባይ ይከፍላል ብለው ነው የላኩት፤ ክፈሉኝ።»

ሦስት ጆንያ አጌት ነበር። ከላይ የተሰፋበት ወረቀት ከአንድ የጂኦግራፊ መምህር የተላከ ነው። «ማስታወቂያዎን ሳነብ ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች፤ በደስታ አለቀሰች» ይላል። «እንዲህ ያለ ድርጅት ይኖራል ብለን አላሰብንም ነበር። ትርፉን በሙሉ አስረክበናል። አሁን ሳሎናችን ውስጥ እንቀመጣለን።»

በማግስቱ ሌላ መጣ። ከዚያም ሌላ። ለካ በአገሩ ሁሉ፣ ድንጋይ የሚሰበስብ ወንድ ባለበት ቤት ሁሉ፣ ክፍሉ ይለቀቅልኝ የምትል ሴት ኖራለች። አንዲት አዋላጅ የባሏን ላከች። አንድ ልብስ ሰፊ የአባቱን ላከ። የጥርስ ሐኪሙ የራሱን ሁለት ካርቶን ሲልክ ያቺን የገዛትን ድንጋይ ሳይቀር ጨምሮ መለሳት፤ ተሰባሪ የሚለው ወረቀት አልተነሣላትም ነበር።

«መልስላቸው!» አሉ እትዬ።

«እንዴት አድርጌ? መመለሻው ከዋጋቸው ይበልጣል። መመሪያው ባለበት ይቆያል ነው የሚለው። አንቺም እጅሽን አውጥተሻል።»

እውነቱን ለመናገር፣ ጋሽ ተማኝ ጆንያውን በፈቱ ቁጥር ዓይናቸው ይበራ ነበር። ከማያውቁት ወንዝ የመጣ ድንጋይ መዳፋቸው ላይ ሲያርፍ ደስታውን መደበቅ አልቻሉም። ማጓጓዣውን የሚከፍሉት ለሚወለደው ሕፃን አልጋ ከተቀመጠው ብር ላይ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ግን ጆንያውን መልሰው ያስሩታል። ስህተት መኖሩን አምነው ማረሚያ ያወጡትም ለዚህ ነው። «ቀደም ሲል በወጣው ማስታወቂያ ርክክብ የተባለው በትክክለኛው ትርጉሙ ርክክብ ተብሎ እንዲነበብ እያሳሰብን፣ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እየጠየቅን፣ ወጪው አሁንም በእኛ መሆኑን እናረጋግጣለን።»

ከማረሚያው በኋላ ድንጋዩ እጥፍ ሆነ። እስከዚያ ይጠራጠሩ የነበሩት ሁሉ እርግጠኛ ሆነው ላኩ።

ልጅቷ ደግሞ ከተባለው ቀን ቀድማ ወለደች። አንድ ከሰዓት በኋላ የፍሬኑ መኪና፣ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀስ ብላ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ልጅቷ ከነሕፃኗ ከፊት ወረደች። ጋሽ ተማኝ ሮጠው ሄዱ። ሕፃኗ ጨቅላ ናት፤ ተኝታለች፤ አፏን ትንሽ ከፍታለች። ጋሽ ተማኝ ዕድሜ ልካቸውን ሲተምኑ የኖሩ ሰው፣ ይህን ሲያዩ ዋጋ ለማውጣት እንኳ አልሞከሩም።

ልጅቷ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደችና የክፍሉን በር ገፋችው። አንድ መዳፍ ያህል ተከፍቶ ቆመ። ከውስጥ ድንጋይ ሲንኮታኮት ተሰማ። በስንጥቁ አየች።

«አባዬ፣ ያ የእኔ ሳፋ አይደለም?»

«ነው ልጄ።»

«ድንጋይ ነው የምታጥብበት?»

ጋሽ ተማኝ በሩን በትከሻቸው ገፉት፤ በሩ አልነቃነቅ አለ።

«በቃ አጎቴ፣ አማቴ ጋ አድርሰኝ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «እዚህ ለእኔ ቦታ የለም።»

የጋሽ ተማኝ እንባ ዱብ ዱብ አለ። እትዬ ግን አላለቀሱም። አልተቆጡምም፤ ይህ ነው የሚያስፈራው። ከቤት አንድ ወንበር አምጥተው ልጃቸውን አስቀመጡና እጃቸውን በወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ማንም የትም አይሄድም። ኮሚቴው ስብሰባ ተቀምጧል» አሉ። «የመጀመሪያውን መመሪያ በቃሌ ይዤዋለሁ። ትርፍ ማለት ቦታ የያዘ፣ ሥራ የማይሠራ፣ ቢነሣ ቤቱ የማይጎድልበት ማለት ነው። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ» አሉ ጋሽ ተማኝ።

«ታዲያ በዚህ ቤት ሰፊውን መኝታ ክፍል ይዞ፣ ከጡረታ ወዲህ አንድ ሥራ ሳይሠራ፣ ቢነሣ የማይጎድል ማነው?»

«እንዴ! መመሪያው እኮ የሚለው ስለ ዕቃ ነው!»

«ዕቃ የሚል ቃል የለበትም። ቦታ የያዘ ነው ያልከው። ማን እንደያዘ ከአገባቡ ይታወቃል።»

«ደግፌያለሁ!» አለ ፍሬኑ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«እኔ አባል አይደለሁም» አለች ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች፣ «ብሆን ግን እደግፍ ነበር። ይቅርታ አባዬ።»

«እሺ፣ ትርፉ ተለየ» አሉ እትዬ። «እህቱ ጋ እንላከው። የማጓጓዣ ዘርፍ፣ ስንት ይፈጃል?»

ፍሬኑ ጭንቅላቱን አከከ። «እትዬ፣ የነዳጁን ተዪው። እሳቸው በየወንዙ ዳር ቁም ይሉኛል። ሲሄዱ አንድ ሰው፣ ሲደርሱ አንድ መኪና ድንጋይ ነው የሚሆኑት። አይቻልም።»

«ዋጋውስ?»

ሁሉም ጋሽ ተማኝን ያይ ጀመር።

«ተማኙ አንተ ነህ» አሉ እትዬ። «ተምናት እንጂ ነፍስህን።»

ጋሽ ተማኝ ተጨነቁ። ራሳቸውን ገልብጠው አቃንተው አዩ። ምስጡ ዕድሜ መሆኑን አዩ። የአልጋውን ብር አሰቡ፤ ሳፋውን አሰቡ። በመጨረሻ ወደ ድሮው ጥበባቸው ሸሹ።

«ያልተሰነጠቀ ነገር እኮ ዋጋው አይታወቅም...»

«ልሰንጥቅህ?»

«ኧረ ተይ!»

«እንግዲያው በሁለተኛው መመሪያ መሠረት» አሉ እትዬ፣ ልክ እንደ ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «የማጓጓዣ ዋጋው ከራሱ ዋጋ ስለሚበልጥ ባለበት ይቆያል። ከቢጤዎቹ ጋር ይቀመጥ።»

ውሳኔው በዚያው ሰዓት ተፈጸመ። ልጅቷና ሕፃኗ ሰፊው መኝታ ክፍል ገቡ። ፍሬኑ የጓሮውን በር በትከሻው ገፍቶ ከፈተው፤ ሳፋው ተገልብጦ ታጠበና ወደ ቤት ገባ። ታጣፊ አልጋ በጆንያዎቹ መካከል ተዘረጋ፤ የሳፋው ድንጋይ አልጋው ሥር ተደፋ። እነሆ ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ ቦታውን የለቀቀ ድንጋይ ከዚያች ከክብሪቷ ሌላ ይህ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ተመልሰው እዚያው ገቡ።

ጋሽ ተማኝ ጋደም አሉ። ከዋናው ቤት የሕፃኗ ለቅሶ፣ የልጃቸው እሹሩሩ ይሰማቸዋል። ቤታቸው መጥታለች፤ አማቷ ጋ አልሄደችም። ደስ አላቸው። ጎናቸውን የሚወጋቸውን ድንጋይ አነሡና ከየትኛው ወንዝ ሊሆን እንደሚችል ማሰላሰል ጀመሩ።

ያን ጊዜ ከበሩ ውጪ ቸብ ቸብ የሚል የመለጠፍ ድምፅ ሰሙ። አንገታቸውን አስግገው በስንጥቁ ቢያዩ፣ እትዬ ያንን የፖስታ ቤቱን እስር ይዘው፣ ተሰባሪ የሚለውን ወረቀት በሩ ላይ በመዳፋቸው እየደለደሉ ነው።

ጋሽ ተማኝ አንጀታቸው ራሰ። ሴትዮዋ ለካ ታዝንላቸዋለች!

«ለእኔ ነው የለጠፍሽው?» አሉ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ። «ወይስ ለድንጋዩ?»

እትዬ የወረቀቱን ጥግ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት።

«ልዩነቱ ተጣርቶ እስኪቀርብ ድረስ» አሉ፣ «ለሁለታችሁም ያገልግል።»